ትርጉሙን ያልጠየቅሁት ዘፈን

ሊወስዱኝ የመጡት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቃሓውታ ሰፈር በነበረችኝ አንዲት ክፍል ከአራት ባልደረቦቼ ጋር የሱዳን ሸክላ እያዳመጥን ነበር። ያኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሱሴ አዲስ ሙዚቃ ፈልጎ ማግኘት ነው። አንድ እሑድ የጣሊያን፣ ሌላ ጊዜ ጃዝ፣ አንዳንዴም ክራር የሚመታ ወዳጅ ጋብዘን ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን እናዳምጣለን። ለፖሊሶቹ ግን በሩን ዘግቶ የተቀመጠ አምስት ሰው ማለት ስብሰባ ነው።

ባልደረቦቼን በማግስቱ ለቀቋቸው። እኔ የቤቱ ባለቤት ስለሆንኩ ቀረሁ።

የታሰርኩባት ክፍል ሦስት እርምጃ በአራት ናት። ስድስት ሰው ታጉሮባታል፤ ሽንትና እርጥብ ሲሚንቶ ትሸታለች። የቁልፍ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሁላችንም ትንፋሻችንን እንውጣለን። ከመካከላችን አንዱን፣ መካኒክ ነው፣ ጠዋት ጠርተው ወሰዱትና ቀትር ላይ እየጎተቱ መለሱት። ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ማቆም አልቻለም። እሱን ሳይ የእኔም ጀመረኝ።

ያን ጊዜ አንድ ከቆላ የመጡ ሽማግሌ የመካኒኩን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው በትግረ ቋንቋ ማንጎራጎር ያዙ። ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ ዝቅ ብሎ ይሄድና ድንገት ይሰበራል። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሸክላ ከካርቱም ድረስ አስመጣ ነበር፤ ይህ ግን ካደግሁበት ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው የሚዘፈነው። የመካኒኩ ጥርስ ቀስ በቀስ ረጋ።

በሩ ተበረገደ። ዘበኛው ዱላውን ይዞ ቆሟል።

«ማነው የዘፈነው?»

የሽማግሌው እግር እብጠት ከፊተኛው ግርፋት ገና አልጎደለም። ሌላ ግርፋት እንደማይችሉ አየሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

የእስር ቤቱ ሻምበል ፊት አቀረቡኝ።

«የወንበዴ ዘፈን ነው አሉ። ምን ማለት ነው?»

«አላውቅም ጌታዬ።»

«የማታውቀውን ትዘፍናለህ?»

«ጣሊያንኛውንም ሳላውቀው ነው የምዘፍነው።»

እውነቴን ነበር። ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። ጮህኩ፤ ለመንኩም። ማን እንዳስተማረኝ ግን አልተናገርኩም።

ስመለስ ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። «ወደይ፣ ልጄ፣ የዘፈኑን ቃል እንኳ ልንገርህ…»

«ኣይፋል፣ አቦይ!» ብዬ አቋረጥኳቸው። «አይንገሩኝ። ነገ ደግመው ቢጠይቁኝ አላውቅም ማለት እንድችል።»

አፋቸውን ገጥመው ዜማውን ብቻ ጀመሩልኝ። እኔም ተከተልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌውን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም።

ታሪኩን የሰማ ሁሉ ጀግና ነበርክ ይለኛል። አልነበርኩም። ትግረ የሚያውቁ ወዳጆች ዛሬ አሉኝ፤ ዜማውን አንጎራጉርላቸዋለሁ። እነሱም ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ቃል ከሌለው በምን እንለየዋለን ይሉኛል። ፍርሃቴ ያን ጊዜ ነፍሴን አትርፎልኝ ይሆናል። ሽማግሌው ሊሰጡኝ የነበረውን ግን አስቀረብኝ።