ለምን እንደወፈርኩ የነገሩኝ ኮሪያዊ ሽማግሌ

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ምሽት ከመክሳቴ የተነሳ ቀሚሴ ወገቤ ላይ አልቆም ብሎ እናቴ በመርፌ ቁልፍ ያዘችልኝ። ልጄ ሳምራዊት ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ተኝታ ጥያት ወጣሁ። የመኖሪያ ወረቀቴን እንዳገኘሁ አመጣታለሁ ብዬ ነበር። ወረቀቱ መጣ፤ ለእሷ አፕላይ ሳደርግ ግን ሁለቴ አይሆንም አሉኝ። ይኸው አምስት ዓመቴ፣ ያ ቀሚስ አሁን ከጉልበቴ አያልፍም።

ለንደን፣ ሃርልስደን ሰፈር ያለው አከራዬ ደረጃው ላይ አገኘኝና፣ «ክፍሉን ያከራየሁት ለአንድ ሰው ነው» አለኝ።

«አንድ ነኝ» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

ክሊኒክ ብሄድ ደግሞ ሐኪሟ ትንሽ ብዪ፣ ብዙ ተራመጂ ብላ ሸኘችኝ። ፓርክ ሮያል ሰፈር ባለው ሳንድዊች ፋብሪካ አብራኝ የምትሠራው ኮሪያዊት ሱን ሂ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ሆሎዌይ ወዳሉ የአገሯ የባህል ሐኪም ወሰደችኝ፤ እሷው ታስተረጉም ነበር። ሽማግሌው ሚዛን ላይ አላወጡኝም። የሁለቱንም እጆቼን የደም ትርታ በጣቶቻቸው ሲያዳምጡ ቆዩ፣ ምላሴን አዩ፣ ሆዴን ዳሰሱ።

«ቀኑን የት ነው የምትውዪው?»

«እንደ ፍሪጅ የቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ ቆሜ።»

«ምሳሽስ?»

«የተረፈ ሳንድዊች።»

«ስትበዪ ምን ታስቢያለሽ?»

የልጄን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ አሳየኋቸው።

«በእኛ ሕክምና ሃሳብ ሲበዛ ሆድ ምግብ የሚፈጭበት ኃይል ይደክማል። ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ እርጥበቱ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። የአንቺ ውፍረት የጥጋብ አይደለም» አሉኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ትኩስ የሚጠጣ ሥራሥር ሰጡኝ፤ ለሃሳቡ ግን መድኃኒት የለኝም አሉ።

እናቴ ይህን ባታውቅ ጥፋቱ የእኔም ነው። ከሳች ብላ እናቴ እንዳትጨነቅ፣ ጉንጬ ሞልቶ የሚታይበትን ፎቶ እየመረጥኩ ስልክላት ኖሬአለሁ። እሁድ በቪዲዮ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት፤ ውፍረቴ ሕመም ነው፣ የሃሳብ ነው አልኳት።

«ውይ ልጄ፣ ተመችቶሽ ነው እንጂ» ብላ ሳቀች።

ሳምራዊት ስልኩን ተቀበለቻት።

«ጎረቤቱ ሁሉ ተመችቷታል ይላል። ተመችቶሽ ነው የማትመጪው?»

«አይደለም የኔ ልጅ፣ አሞኝ ነው።»

«የታመመ ሰው ይከሳል» አለችኝና ስልኩን ለአያቷ መለሰች።