የዐይኔ ቆብ በካሜራው ፊት

መጀመሪያ የወደቀው የግራ ዐይኔ ቆብ ነው። ቡሬ ገበያ በርበሬ ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። አንድ ገዢ ዛላውን እያገላበጠ ዋጋ ሲከራከረኝ በድንገት ሁለት ሆነ። ሁለት ሰው፣ ሁለት ባርኔጣ፣ ክርክሩ ግን አንድ። "እናቴ፣ እንቅልፍ ይዞዎታል፤ ገብተው ይተኙ" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም የበርበሬው ብናኝ ነው ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። የበርበሬ ነጋዴ ዐይን መቼ ጤና ሆኖ ያውቃል? ከቤት ገብቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ዐይኔ እንደ ድሮው ተከፍቶ አገኘሁት። ያታለለኝ ይኸው ነው። ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይወድቃል። ጠዋት የሚሻል ሕመም ሕመም አይመስልማ!

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ይህን እኔ እየተናገርሁ የምትጽፈው ልጄ ይርገዱ ናት፤ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ናት። ነገር ሲሰፋብኝ "እምዬ፣ ወደ ሕመሙ ተመለሽ" ትለኛለች። እመለሳለሁ። የምናገረው ያው ሕመም ለያዘው ሰው ስለሆነ አይቸኩልብኝም፤ የታመመ ሰው ለመስማት ጊዜ አለው።

ከዐይን ወደ መንጋጋ ወረደ። አንድ ተዝካር ላይ ተቀምጠን ስንበላ ጉርሻው አፌ ውስጥ ቆመ። መጀመሪያውን በደንብ አላምጫለሁ፤ አምስተኛው ስድስተኛው ላይ መንጋጋዬ እንቢ አለ። በእጄ ደግፌ ማላመጥ ጀመርሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ጎረቤቴ አየችኝና፣ "አንቺ፣ መንጋጋሽን እንዲህ አጥብቀሽ የያዝሽው እንዳይሸሽሽ ነው?" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ አልሁ። ፊቴ ግን አልታዘዝ አለኝ፤ ስስቅ የማለቅስ መሰልሁ። ሳቁ ቆመ። "ምን ሆነሻል?" አለችኝ፤ ያን ጊዜ እሷም ደነገጠች።

በዚያው ሰሞን ወባ ያዘኝ። ክሎሮኪን ሰጡኝ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ድካሙ ግን ባሰ። ድምፄ በአፍንጫዬ ይወጣ ጀመር። አንገቴ ራሴን መሸከም አቃተው። አንድ ክሊኒክ አየኝና "ስትሮክ ነው" አለኝ፤ የደም ግፊት መድኃኒትና አስፕሪን ሰጠኝ። ዋጥሁ። ለውጥ የለም። ከዚያ መዋጡም እያስቸገረኝ መጣ።

ጠበል ወሰዱኝ። ጠበልን የሚነቅፍ ቃል ከአፌ አይወጣም፤ የሆነውን ብቻ ነው የምናገረው። በጣሳ ሞልተው ሰጡኝ። ጠጣሁ። ውኃው በአፍንጫዬ ተመለሰ። ታነቅሁ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች "እየወጣ ነው! ልቀቅ በይው!" ይላሉ። ሁለተኛ ጣሳ አስጠጉልኝ። ትንፋሽ አጣሁ። ምድር ጠቆረችብኝ። አጥማቂው መምሬ ጣሳውን ከእጃቸው ነጥቀው ጀርባዬን መቱኝ። ስተነፍስ ጊዜ እንዲህ አሉ፦ "የዚህች ሴት ጉሮሮዋ ነው የታመመው። ትጠመቅ እንጂ አትጠጣ። ሐኪምም ይያት፤ ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው።" እኒያ ቄስ ያን ቀን ባይኖሩ ይህን የምናገርበት አፍ አይኖረኝም ነበር።

ሆስፒታል ተኛሁ። ወጣቱ ሐኪም በባትሪ ጉሮሮዬን አየ፣ እጄን አስነሣኝ፣ ጉልበቴን በመዶሻ መታ። ከዚያ ለይርገዱ ነገራት። "የነርቭ ሐኪም ያስፈልጋቸዋል። እኛ ዘንድ የለም። ባሕር ዳር መሄድ ነበረባቸው።" መንገዱ ዝግ ነበር። እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን፤ ማንም አልተናገረውም። "በኮምፒውተር እናገናኛቸዋለን፤ ኔትወርክ የመጣ ዕለት" አለ።

እሱን እየጠበቅን ተኛን። ተኛን የምለው ሁለት ስለነበርን ነው። ከጎኔ አልጋ ጥሩዬ የምትባል የሽንዲ ሴት ነበረች፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። የእሷ ድካም ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ነው። እሷም የምትጠብቀው ያንኑ ኮምፒውተር ነው። "እማማ፣ እርስዎ ከላይ ወደ ታች፣ እኔ ከታች ወደ ላይ፤ ወገባችን ላይ ሳንገናኝ አንቀርም" ትለኛለች። ሕፃኗን ከእናቷ ዘንድ ትታ ነው የመጣች። ጡቷ ሲሞላ ታለቅስ ነበር። እኔ ደግሞ ላባብላት ድምፅ የለኝም።

ኔትወርኩ አንድ ጠዋት መጣ።

እኛ አገር ሐኪም ፊት የሚቀረበው ታጥቦ፣ ተለብሶ፣ አርፎ ነው። ይርገዱ ገላዬን አጠበችኝ፣ ነጭ አለበሰችኝ፣ "እስኪጠሩን ተኚ፤ እንዳትናገሪ፤ ጉልበትሽን አጠራቅሚ" አለችኝ። ተኛሁ። እንደታዘዝሁት ጉልበቴን አጠራቀምሁ። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነበር፤ ማናችንም አላወቅንም። ለወር ያህል የጣለኝን ሕመም በእንቅልፍ ሸፍነን፣ በነጠላ አሳምረን፣ የለም ልንል ሄድን።

ክፍሉ ውስጥ ሰፊ ስክሪን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተሩ በሽቦ የተያያዘ ካሜራ በሦስት እግር ቆሟል፤ ማይክ አለ፣ ጥቁር ስፒከር አለ። ሽቦውን የሚያገጣጥመው መልካሙ የሚባል መላጣ ጎልማሳ ነው፤ እጁ ሲሠራ አፉም አያርፍም። መጀመሪያ የነርቭ ሐኪሟ ፊት ስክሪኑ ላይ መጣ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። "ማይኩን ሰክቼዋለሁ፤ ይኼ ኮምፒውተር ግን የሚሰማው በራሱ ጆሮ ነው። ይኼኛውን ምረጥ ካልተባለ አይመርጥም" አለ፤ ነካካው። ድምፁ መጣ፤ መጣና እንደ ጅብ ጮኸ። ጆሯችንን ያዝን። ማይኩና ስፒከሩ ተጠጋግተው ኖሯል። "እነዚህ ሁለቱ እንደ ጣውንት ናቸው፤ ጎን ለጎን ካስቀመጥሃቸው ይጯጯሃሉ" ብሎ አራራቃቸው። ቀጥሎ ሐኪሟ "ፊታቸው አይታየኝም፤ ጨለማ ነው" አለች። መስኮቱ ከኋላዬ ነበር። ወንበሬን አዙረው ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ አደረጉ።

"እማማ፣ እንዴት ነዎት?" አለችኝ ሐኪሟ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎ እንዴት ነዎት? ቤተሰብ ደህና ነው?"

"ምንዎን ነው የሚያምዎት?"

"ምንም አይል፣ ተመስገን።"

ይርገዱ ትከሻዬን ያዘችኝ። "እምዬ! ደህና ከሆንሽ ምን ልንሠራ መጣን?"

መልካሙ ሳቀ። እኔ ግን ሌላ መልስ አላውቅም። እንዴት ነሽ ሲሉኝ ተመስገን ስል ኖሬ፣ ለማላውቃት ትልቅ ሰው ሕመሜን ዘርግፌ ልዘርዝር? "ወደ እኔ ይመልከቱ" ስትለኝም አጎነበስሁ፤ የሚያከብሩትን ሰው ዐይን ዐይኑን ማየት ነውር ነው። ነጠላዬንም አፌ ላይ ሳብ አደረግሁ። ሐኪሟ አየችኝ። "ዐይናቸው ክፍት ነው። ድምፃቸውም ደህና ነው" አለች ለወጣቱ ሐኪም። የይርገዱ እጅ ትከሻዬ ላይ ሲከብድ ተሰማኝ። ይህ መስመር ከተዘጋ ሌላ የለንም። መንገድ የለም። የነርቭ ሐኪም የለም። እኔም በደንብ መዋጥ ካቆምሁ ሰንብቻለሁ።

"እስቲ ነጠላውን ዝቅ ያድርጉና ድምፅዎን ልስማ። ከአንድ ጀምረው ይቁጠሩልኝ።"

"ምኑን ልቁጠር?"

ሳቀች። "ታዲያ በቃል የሚያውቁትን ጸሎት ይበሉልኝ።"

ጀመርሁ። አቡነ ዘበሰማያት ብዬ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ቀጠልሁ፤ ከዚያም እናቴ ያስተማረችኝን ረጅሙን የማርያም ጸሎት። መጀመሪያ ድምፄ ጥሩ ነበር። ቀጥሎ ቀጠነ። ቀጥሎ ወደ አፍንጫዬ ሄደ። መልካሙ ከወንበሩ ተነሣ። "ይቅርታ ዶክተር፣ ማይኩ እየተቆራረጠ ነው። እማማ፣ አንዴ ያቁሙልን" አለና ሽቦውን ይነቀንቅ ጀመር። እኔ አላቆምሁም። ጸሎት ተጀምሮ መካከል ላይ አይጣልም። ነቅሎ ሰካው። እኔ እቀጥላለሁ። ድምፁ ደግሞ ቀነሰ። ሌላ ሽቦ ሊያመጣ ዞረ።

"ሽቦውን ይተዉት!" አለች ሐኪሟ። "ማይኩ ደህና ነው። የደከሙት እሳቸው ናቸው።"

መልካሙ ሽቦውን ለቀቀ።

"ካሜራውን ወደ ዐይናቸው ያስጠጉልኝ።"

ሲያስጠጉት አላየሁም። ሁለቱም የዐይኔ ቆቦች ወድቀዋል። ጭንቅላቴ ወደ ደረቴ መጣ። ይርገዱ ግንባሬን ደግፋ ያዘችኝ። ጸሎቱን ጨረስሁ። አሜን ያልሁት በከንፈር ብቻ ነው።

"በረዶ አላችሁ?" አለች። ነርሷ ከክትባቱ ፍሪጅ የረጋ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ አመጣች፤ በተጨፈነው የግራ ዐይኔ ላይ ያዙልኝ። ቀዘቀዘኝ። ጥቂት ቆይተው አነሡት። ቆቡ ተነሣ። መጀመሪያ ያየሁት ስክሪኑን ነው፤ ሐኪሟ ወደ እኔ ተጠግታ ነበር።

"ማያስቴኒያ ግራቪስ ይመስለኛል" አለች። "ስትሮክ ቢሆን ሲያርፉ እየተሻለ ሲደክሙ እየባሰ አይሄድም ነበር፤ ቆቡም በቅዝቃዜ አይነሣም ነበር። የነርቩ ትእዛዝ ነው ጡንቻው ጋ በደንብ የማይደርሰው። ለወባ የወሰዱትም መድኃኒት አባብሶባቸው ይሆናል። አሁን ትንፋሻቸውን ተከታተሉ። ጉሮሮ ከደከመ ትንፋሽ ይከተላል።" የመድኃኒቱን ስም ነገረቻቸው፤ ፒሪዶስቲግሚን።

እኔን አወጡኝ። ጥሩዬን በተሽከርካሪ አልጋ ሊያስገቡ አመጡ። በሩ ላይ ተላለፍን። እጇን ዘረጋችልኝ፤ ጣቶቿ ግን አልጨበጡም።

እሷ በሩን ሳታልፍ ስክሪኑ ቆመ። የሐኪሟ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። መልካሙ ነቀለ፣ ሰካ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ። ሽቦው ሁሉ ደህና ነበር። ኔትወርኩ ነው የሄደው። ያን ቀን አልተመለሰም። በማግሥቱም አልተመለሰም። በዚያው በማግሥቱ ጥሩዬ እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተች። ደረቷ ቆመ። ይኸው ነው። አልጋዋን አነጠፉት።

ከዚያ የእኔ ትንፋሽ መጣ። ቁጭ አድርገው ደገፉኝ። ኦክስጅን አደረጉልኝ። በአፍንጫዬ ቀጭን ቱቦ አስገቡ። አየሩ ይገባል፤ ደረቴ ግን አይጎትተውም። ምራቄን መዋጥ አልቻልሁም። ይርገዱ በጨርቅ ትጠርግልኛለች። መሞትን አልፈራሁም። የፈራሁት በገዛ ምራቄ መታነቅን ነው።

መድኃኒቱ ከባሕር ዳር በሰው እጅ መጣ፤ ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግር። ፈጭተው በቱቦው ሰጡኝ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይርገዱ "እምዬ፣ አየሽኝ!" ብላ ጮኸች። አይቻት ነበር፤ አንድ ሆና።

ከዚያ ወዲህ ያለው ረጅም መንገድ ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን መድኃኒት ኔትወርኩ ሲመለስ ሐኪሟ በስክሪን በትንሹ አስጀምራኝ፣ መጀመሪያ ላይ ሊያባብስብኝ እንደሚችል አስቀድማ ስለነገረችን ሲከብደኝ አልደነገጥንም፤ መንገዱም ሲከፈት ባሕር ዳር ሄጄ ደረቴን በማሽን አነሡኝ፣ ታይመስ የሚሉት የደረት ውስጥ እጢ ዕብጠት እንደሌለበት አዩልኝ፣ ቀስ በቀስም ከአጥሚት ወደ ገንፎ፣ ከገንፎ ወደ እንጀራ ተመለስሁ። በርበሬ ንግዱን ትቻለሁ። ቀትር ላይ አልወጣም፤ ሙቀት ያደክመኛል። ከሰዎች ጋር ስቀመጥ ወሬዬን ጠዋት አወራለሁ፤ ከሰዓት አዳማጭ ነኝ። ሕመሙ አልሄደም። እኔና እሱ አንድ ቤት እንኖራለን፤ መድኃኒቱ ደግሞ በመካከላችን እንዳለ ሽማግሌ ነው።

ሽንዲ ለቅሶ ደርሻለሁ። የጥሩዬ እናት ሕፃኑን አቅፋ ጠየቀችኝ። "ሐኪሟ አየቻት ወይ?" አለች። ልዋሽላት ፈልጌ ነበር። "አላየቻትም፤ በሩ ድረስ ግን ደርሳለች" አልኋት። ሕፃኑን ሰጠችኝ። እስኪተኛ ድረስ ያዝሁት፤ ክንዴ ሲዝል ሌላ ሰው ተቀበለኝ።

አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እኅቴ፣ ዐይናችሁ ማታ ማታ የሚወድቅ፣ ጉርሻ አፋችሁ ውስጥ የሚቆምባችሁ፣ ለሐኪም ስትቀርቡ አርፋችሁ አትሂዱ። በምትደክሙበት ሰዓት ሂዱ፤ ወይም ሲወድቅባችሁ ልጅ በስልክ ቪዲዮ ይቅረጻችሁ። በስክሪን የምትታዩ ከሆነ መስኮት ከኋላችሁ አይሁን፤ አፋችሁን አትሸፍኑ፤ የምትናገሩበትን ማይክ ወደ እናንተ አስጠጉት፣ ከስፒከሩ ግን አርቁት፤ ኔትወርክ አይታመንምና ዋናውን ነገር አስቀድማችሁ ተናገሩ። ለወባም ሆነ ለሌላ ሕመም መድኃኒት ሲያዝዙላችሁ "ማያስቴኒያ አለብኝ" በሉ፤ ሁሉም መድኃኒት አይስማማንም። ትንፋሽ ካጠራችሁ ነገን አትጠብቁ። ጠበሉንም መድኃኒቱንም አትለያዩ።

ፊቷን በስክሪኑ መስታወት ብቻ የማውቃት ሐኪም፣ በረዶውን የያዘችልኝ ነርስ፣ ጣሳውን የነጠቁልኝ መምሬ፣ ሽቦውን አገጣጥሞ መተውንም ያወቀው መልካሙ፣ መድኃኒቱን ይዞ በእግሩ የመጣው ስሙን የማላውቀው ሰው፣ ይርገዱ ልጄ፤ ዕድሜያችሁን ያርዝምልኝ። በሩ ላይ የቀረችውን ደግሞ ነፍሷን ይማር፤ ልጇን ያሳድግላት።