በወንበሯ የተገዛችው መኪና

ወስፌ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያላለበሰው የመኪና ወንበር የለም። የራሴ በሚለው ወንበር ላይ ግን አንድ ቀን ተቀምጦ አያውቅም። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ቆዳ የሚበሳበትን ወስፌ ከጆሮው ኋላ ሰክቶ ስለሚውል፣ አንዳንዴም ረስቶት ምሳ ስለሚበላ። መታወቂያው ላይ የተጻፈውን ስም የሚያስታውሱት እናቱና ግብር ሰብሳቢው ብቻ ናቸው፤ እናቱም ቢሆኑ ሲቆጡ ነው።

የባለሥልጣኑንም የባለታክሲውንም ወንበር ገልጦ አይቷል። ከሁለቱም ሥር ያገኘው አንድ ዓይነት የብስኩት ፍርፋሪና አንድ ዓይነት የጠፋ ስክሪብቶ ነው። ሌሎች የሰውን ልጅ እኩልነት በወረቀት አባዝተው ሲበትኑ፣ እሱ ከወንበር ሥር በመጥረጊያ እየጠረገ አረጋግጦታል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ የነቃ ሰው ነው በአንድ ማክሰኞ ጠዋት በሀብታም መኪና ፍቅር ተመትቶ የወደቀው።

ያለ ምክንያት ወደቀ ማለት ግን ግፍ ይሆናል። ሚስቱ አዋላጅ ናት። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከከተማው ጫፍ ካለው ተራራ አናት ላይ ተሰቅሏል፤ ቦታውን የመረጠው ኮሚቴ ነፍሰ ጡር ሴት በሥዕል እንኳ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። በበጋ ሚኒባሱ እያቃሰተ ይወጣል። ዝናብ ሲጥል ዳገቱ ሳሙና ይሆናል፤ ሾፌሩም እታች ቆሞ «ከዚህ በላይ በእግራችሁ» ይላል። ጭቃው ወደ ኋላ እየመለሰ በእግር ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ሴትዮዋ ያለፈውን ክረምት እዚያው ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ከመድኃኒት ካርቶን ጋር በምትጋራው አንዲት ክፍል ከረመች። ዝናቡ አባርቶ ወደ ቤቷ ስትመለስ የአራት ዓመት ልጇ ከአባቷ እግር ኋላ ተደብቃ «ይቺ ሴትዮ ማናት?» አለች።

እናትየው አላለቀሰችም። ጋዋኗን አውልቃ ሰቀለች፣ እጇን ታጠበች፣ ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«ስማ አንተ ሰውዬ። ይሄ ሁለተኛ አይደገምም። ለሚመጣው ክረምት ማታ ማታ እቤቴ የሚያስገባኝ ነገር ካልተገኘ ሥራዬን እለቃለሁ።»

ብትለቅ ተራራው ላይ ሌላ አዋላጅ የለም። ይህን እሷ ታውቃለች፣ እሱ ያውቃል፣ የማያውቀው ኮሚቴው ብቻ ነው።

ባልና ሚስት ያላቸውን ሁሉ አሟጠው መኪና ፍለጋ ተነሡ። ጀርባዋ ረዘም ያለ፣ አስፈላጊ ሲሆን ወላድ ማስተኛት የምትችል፣ ከሁሉም በላይ ግን አራቱም ጎማዋ የሚሠራ። ሁለቱ እየለፉ ሁለቱ እየተንሸራሸሩ የሚኖሩበትን ሥርዓት ዳገቱ አይቀበልም።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም መካኒክ ነው። ወስፌን ክንዱን ይዞ አስጠንቅቆት ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ሥሯ ገብቼ ሳላይ እንዳትገዛ። አደራ።»

«እብድ መሰልኩህ እንዴ?» አለ ወስፌ።

ማክሰኞ ጠዋት መኪና ፈልግልን ያሉት ደላላ ደወለ። «አለቃ፣ የምትፈልጋት ስቴሽን ዋገን መጥታለች። ግን ፍጠን፣ ሌላ ሰው እየመጣባት ነው። ጫማውን እያሰረ ነው!»

ደላላ ሌላ ገዢ የሌለበት መኪና ሸጦ አያውቅም። ያ ሌላ ገዢ ዘወትር መንገድ ላይ ነው፤ ደርሶ ያየው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ወስፌ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ቢሆንም የሚስቱ ወንድም ጋ ቢደውል ስልኩ አይነሣም፤ ሰውየው የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ነበር። ሰማዩም ጠቆር ማለት ጀምሯል። ሄደ።

መኪናዋ አንድ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ቆማለች። ጥቁር አረንጓዴ፣ ረጅም፣ የተኛች ድመት የመሰለች። አዲስ ሳለች ዋጋዋ የሰፈሩን ቤት በሙሉ ቆርቆሮ ይቀይር ነበር፤ ዛሬ አርጅታ ከሰው ጋር እኩል ሆናለች። ወስፌ ኮፈኑን አልከፈተም፣ ጎማውን አልረገጠም። የሾፌሩን በር ከፍቶ ወንበሩን በመዳፉ ዳሰሰው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በስፌቱ ላይ ጣቱን አስኬደ።

«ምነው? ምን አገኘህ?» አለ ደላላው ደንግጦ።

«ዋናው ቆዳ ነው» አለ ወስፌ። «ማንም አልነካውም። እየው ስፌቱን! ድርብ ነው። አንድ እንኳ አልዘለለም። ይሄን የሰፋ ሰው እቤቱ ጠብ አልነበረበትም።»

ደላላው ስለ ስፌት የሚያውቀው ሱሪው ሲቀደድ ብቻ ነው፤ ግን ገበያ ሲሸተው አይስትም። «እሱማ! ወንበሯ ብቻ መኪና ነው እኮ!» አለ።

ለአንድ ሰዓት ያህል ምርመራው ቀጠለ። ወስፌ አምስቱንም ወንበር ተቀመጠባቸው፣ አሸተታቸው፣ ከሥር በጣቱ ነካካቸው፣ ሽቦውን እየተጫነ አዳመጠ። ዶክተሩን ያፋጠጣቸው ደግሞ እንደ መርማሪ ነው።

«ዶክተር፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?»

«በጭራሽ።»

«ይሄ የኋላ ግራ ወንበር ከሌሎቹ ለስልሷል። ማን ነበር የሚቀመጥበት?»

«ባለቤቴ። አነዳዴን ከፊት ሆና ማየት ያማት ነበር።»

ወስፌ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ የኋላውን በር ከፍቶ ዕቃ መጫኛውን ሲያይ ፊቱ ተቀየረ። ምንጣፉ መሀል ላይ ጉብ ብሏል። ዳሩ ደግሞ በሰማያዊ ክር፣ አንድ በአንድ እየተቋጠረ ተሰፍቷል።

«ይሄን ማን ነው የሰፋው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ዶክተሩ፣ ኮራ ብለው።

«ዶክተር፣ ይሄ እኮ የድድ ስፌት ነው!»

«አርባ ዓመት የሰፋሁት ድድ ነው፤ ማን ተፈታብኝ አለ?»

«እቤቴ እንደገባሁ መጀመሪያ የምተረትረው ይሄን ነው» አለ ወስፌ። ጉብታውንም በጡጫው መታ መታ አድርጎ ተወው።

ያኔ ደላላው ማጠቃለያ ንግግሩን ጀመረ። «አለቃ፣ አራቱም ጎማዋ ነው የሚጎትተው። ግድግዳ አሳያት፣ ትወጣለች!» ዶክተሩ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ወስፌ ግን ቀደማቸው። «የአንገት መደገፊያው ይወልቃል?» «ይወልቃል» አሉ ዶክተሩ፤ አፋቸውም ተዘጋ።

ወስፌ አስፋልቱ ላይ አንድ ዙር ነዳት። ስለ ጎማዋ ምንም አልተሰማውም፤ የተሰማው ጀርባው ነው። ሲመለስ ፊቱ የሙሽራ ፊት ነበር። በዚያው ቀን ተዋውለው ስም ተዛወረ። ሚስቱ እስከ አርብ የሌሊት ተረኛ ሆና እዚያው ተራራው ላይ ነበረች፤ ስልክ ደውሎ የነገራት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «አርብ መጥቼ እወስድሻለሁ።» እሷም «በለኛ!» አለችው፤ የድምፅዋ ደስታ ጆሮው ውስጥ ሦስት ቀን ከረመ።

ሰፈሩ ሲያያት ጉድ አለ። ትናንት «ሀብት ሌብነት ነው» እያለ ሲፈላሰፍ የነበረው ጎረቤት ሁሉ በመስኮቷ ፀጉሩን አበጠረ። ከወስፌ ሱቅ አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እንደያዘ፣ ግማሽ የተላጨ ደንበኛውን ጥሎ ወጣ።

«ወስፌ፣ ይቺ መኪና ስንት ጎማ ነው የምታሽከረክረው?»

«አራቱንም!»

«አይተሃል?»

«ወንበሯን ብታይ እኮ...»

«በቃ፣ ወንበር ገዝተህ መኪናዋን መርቀውልህ ነዋ!»

መንገዱ በሳቅ ተሞላ። ወስፌም ሳቀ። መካኒኩ የሚስቱ ወንድም ግን አልሳቀም፤ አኩርፏል። ሞተሯን ከፍቶ አዳመጠና «ጤነኛ ናት» አለ፣ እያመመው። «ሥሯን አላይልህም። ከገዛህ ወዲያ ማየት ለቅሶ መድረስ ነው።» ልጅቷ ብቻ የኋላውን ወንበር አንድ በአንድ ቀይራ ተቀመጠችና «እማዬ የቱ ላይ ነው የምትቀመጠው?» ብላ ጠየቀች።

አርብ ቀን ዝናቡ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ወረደ። የዓመቱ የመጀመሪያው ነው። ወስፌ ልጁን ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ትቶ፣ መካኒኩን ከጎኑ ጭኖ ወጣ። የመካኒኩ ሱሪ ዘይት ስለነካው ወንበሩ ላይ ላስቲክ አነጠፈለት።

«እኔ የሚስትህ ወንድም ነኝ ወይስ ዓሣ?» አለ መካኒኩ።

«ቆዳው ንጹሕ ነው። ተቀመጥ።»

ዳገቱ ሥር ሚኒባሱ እንደ ልማዱ ቆሟል። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ በእጁ «እለፉ፣ እንያችሁ» አለ። ወስፌ ቀንድ እንዳወጣ ወይፈን ገባበት። ሃያ እርምጃ ያህል ወጣች። ሰላሳ። ከዚያ የፊት ጎማዎቿ ጭቃውን ወደ ሰማይ መርጨት ጀመሩ። መኪናዋም ባለችበት ጮኸች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቀስ ብላም ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ከላይ፣ ከጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች አንዲት ሴት ቆማ ታያለች። ከዚህ ርቀት ፊቷ አይታይም። ባይታይ ይሻላል።

መካኒኩ ወርዶ ዞር ዞር አለ። «ጋሼ፣ የፊቶቹ ይለፋሉ። የኋላዎቹ ሥራ ማቆም አድማ ላይ ናቸው።» ላስቲኩን ከወንበሩ ላይ ገፎ ጭቃው ላይ አነጠፈና ከሥር ገባ። ብዙ አልቆየም። ሲወጣ ግማሽ ፊቱ ጭቃ ነው።

«ዘንጉ የለም።»

«የምን ዘንግ?»

«ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ ጉልበት የሚያደርሰው ዘንግ። ተፈትቶ ወጥቷል። ይቺ መኪና ከወገቧ በታች ጡረታ ላይ ናት!»

ወስፌ ዶክተሩ ጋ ደወለ። «ዶክተር! ዘንጉስ?»

«አዎ፣ አስፈትቼዋለሁ» አሉ ዶክተሩ በተረጋጋ ድምፅ። «ነዳጅ ትጠጣለች። ለከተማ ደግሞ ሁለት ጎማ ይበቃል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ልነግርህ ነበር። አንተ ስለ አንገት መደገፊያ ጠየቅኸኝ።»

ዝናቡ ጣራዋን ይደበድባል። «ጣሉት?» አለ ወስፌ።

«ምን ይላል ይሄ! የነቀልኩትን ጥርስ እንኳ አልጥልም። አስቀምጬዋለሁ። የት እንዳስቀመጥኩት ግን... እርጅና ነው ልጄ፣ ቆይ ባለቤቴን ልጠይቃት...»

ወስፌ አልጠበቀም። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ዓይኑ ፈጠጠ። የድድ ስፌቱ! ጉብታው! ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ስፌት ሲያነብ የኖረ ሰው፣ የተሰፋ ነገር ሁሉ አንድ ነገር ለመያዝ እንደሚሰፋ እንዴት ይጠፋዋል? ሮጦ የኋላውን በር ከፈተ፣ ከጆሮው ኋላ ወስፌውን መዘዘ፣ ሰማያዊውን ቋጠሮ አንድ በአንድ ተረተረው። ጥብቅ ነበር፤ ዶክተሩ ድድ ሲሰፉ እንደማይቀልዱ ገባው። ምንጣፉን ሲገልጠው፣ ለሁለት የተፈታ የብረት ዘንግ በአሮጌ ነጭ ጋዋን ተጠቅልሎ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ እንደ አራስ ልጅ ተኝቷል። አጠገቡ ብሎኖቹ በብልቃጥ ውስጥ አሉ። በብልቃጡም ላይ በሐኪም እጅ ጽሑፍ አንድ ነገር ተጽፏል፤ ምን እንደሚል ግን እስከ ዛሬ ያነበበ የለም።

«አገኘሁት!» ብሎ ሲጮኽ የሚኒባሱ ሾፌር ሳይቀር ወረደ።

መኪናዋን በቀስታ ወደ ሜዳው መለሷት። የሚኒባሱ ሾፌር የራሱን ክሪክ አምጥቶ «አላምንም፣ ግን ልይ» አለ። መካኒኩ ከሥር እየተሳደበ፣ ወስፌ ከላይ ብሎን እያቀበለ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ።

ከዚያ እንደገና ገባባት። ሃያ እርምጃ። ሰላሳ። ቅድም የቆመችበት ጉድጓድ ዘንድ ስትደርስ ወስፌ መሪውን አጥብቆ ያዘ። አራቱም ጎማዎች መሬቱን ነከሱ። መኪናዋ ተጎንብሳ፣ ምንም ሳትጮኽ፣ ደረጃ እንደለመደ ሰው ወጣች። መካኒኩ ዳሽቦርዱን እየደበደበ «ውጪ እናቴ! ውጪ!» ይላል፤ ከታች ሚኒባሱ ጥሩንባውን አስጮኸው። ወስፌም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ወንበሩ ረሳ።

ሚስቱ በረንዳው ጫፍ ላይ ቦርሳዋን ይዛ ቆማለች። ቡትስ ጫማዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። መካኒኩ ላስቲኩን ፍለጋ ጎንበስ ሲል ወስፌ በክርኑ ጎሰመው። እሷም ከነጭቃዋ ዘው ብላ ገባች፣ ተደገፈች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሁለት ሰዓት ያህል እታች ስትጨቃጨቁ አየኋችሁ» አለች። «ምን ሆናችሁ ነው?»

«ስፌት ስንፈታ» አለ ወስፌ።

እቤት የደረሱት ገና ሳይመሽ ነው። ልጅቷ ከፀጉር ቤቱ በር ላይ አይታቸው ሮጠች። ከማንም ኋላ አልተደበቀችም፤ በሩን ራሷ ከፍታ እናቷ ጭን ላይ ወጣች።

«ነገም ትመጫለሽ?»

«ነገም።»

«ዝናብ ቢዘንብስ?»

«ቢዘንብም።»

ክረምቱ ሲገባደድ ወስፌ አንድ እሁድ ጠዋት የገዛ መኪናውን ወንበር ነቅሎ ሥሩን ሊጠርግ ጎነበሰ። የብስኩት ፍርፋሪ ሞልቶታል። ከፍርፋሪው መሀል ደግሞ የጤና ጣቢያው ማኅተም ያለበት አንድ የጠፋ ስክሪብቶ ተገኘ። ስክሪብቶውን ለሚስቱ መለሰላት። ፍርፋሪውን ግን ትንሽ ቆሞ አየው፤ አልጠረገውም፣ ወንበሩን መልሶ አሰረበት።