የካርቲየ 6 ብቸኛ ዋሻ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የመኪና ዋሻ የለም። ዋሻ የሚቆፈርበት ተራራም የለም። እኔ ግን እንጀራ የምበላው ከዋሻ ነው። ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈራችን፣ ከአክስቴ ሱቅ በላይ ባለችው ክፍል ተቀምጬ፣ እግሬ ረግጦት በማያውቅ አገር ተራራ ሥር ለሚሠራ መንገድ አየሩ እንዴት እንደሚመላለስ በኮምፒውተር አሰላለሁ። መኪና ሲበዛ ጭሱ ወዴት ይሄዳል፣ ማራገቢያው የት ይሰቀል፣ ምን ያህል ይንፋ፤ ሥራዬ ይኸው ነው። አክስቴ ለደንበኞቿ ስታስረዳ ግን «ልጄ ንፋስ ነው የሚሠራው» ትላለች። በዚህ ሙቀት ቤቷ ውስጥ ንፋስ ሠሪ ስላላት ሴቶቹ በቅናት ያዩዋታል። አንዷማ ለሷም መንደር ትንሽ እንድልክላት ጠይቃኛለች።

አክስቴ ከድሬዳዋ የመጣችው ገና ወጣት ሳለች ነው። ሽርጥና ድሪያ የሚባለውን ስስ ቀሚስ እየሸጠች እኔን የወንድሟን ልጅ አሳደገች፤ ዩኒቨርሲቲ ያደረሰኝም ያ ሱቅ ነው። ባለፈው ዓመት ሙቀቱ ሲጀምር ታዲያ ውለታ ልመልስ ብዬ ተነሣሁ። ሱቁ ያለበት መንገድ ሁለት መኪና ተጨናንቆ የሚተላለፍበት ነው፤ ፀሐይዋ ከጠዋት ጀምሮ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። ወደብ የሚሠራ ወዳጄ አሮጌ የጭነት መኪና ሸራዎች ሰጠኝ። ከኛ ጣሪያ እስከ ማዶው ጣሪያ፣ ከመንገዱ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ወጠርኳቸው። ፀሐይ ሾልካ እንዳትገባም ጠርዙን ከግድግዳው ጋር ጥርቅም አድርጌ ቸነከርኩት። የተማረ ሰው ሥራ ያስታውቃል። አክስቴ እልል አለች፤ ጎረቤቱም መረቀኝ።

ያን ሰሞን አክስቴን ሳል ጀመራት። እኔ አቧራውን ወነጀልኩ። ሳሉ ሲብስባት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ደረቷን አዳምጦ፣ በዚሁ ከቀጠለ ሱቁን ዘግታ አየሩ ወደሚስማማት አገር እንድትሄድ መከራት። አክስቴ ከሐኪሙ ዘንድ በቀጥታ ተመልሳ ሱቋን ከፈተች። ያለዚያ ሱቅ ምን እንደምትሆን እሷም አታውቅም፤ እኔም ፈራሁ።

በዚያው ሳምንት ሩቅ አገር ያለው አለቃዬ መልእክት ላከልኝ። ትራፊኩ ሲቆም ሹፌሮች ሞተር ያጠፋሉ ብዬ ነበር ያሰላሁት፤ ዋሻው በር ላይ «ሞተር አጥፉ» የሚል ምልክት ይሰቀላልና። «እውነት ያጠፋሉ? ሰው አይተህ ነው ወይስ ምልክቱን አምነህ?» ይላል።

ሰው ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። የኛ የትራፊክ ጭንቅንቅ ቀጠሮ አክባሪ ነው፤ እኩለ ቀን አለፍ ሲል ጫት ከኢትዮጵያ ይገባል፣ ከተማው በሙሉ ይወጣል። ከአክስቴ ሱቅ አጠገብ ደግሞ ስመ ጥር የጫት ሻጭ አለች። ደብተሬን ይዤ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። መኪናዎቹ ጥሩምባቸውን እያንባረቁ መጡ፤ ጥላውን ሲያገኙ ተደርድረው ቆሙ። ሹፌሮቹ ወርደው ጫቱን እያገላበጡ ይከራከራሉ። አንድም ሞተር ያጠፋ የለም። ክሊሙን፣ ማቀዝቀዣውን ማለቴ ነው፣ አጥፍቶ የጋለ መኪና ውስጥ ማን ይመለሳል?

ደስ አለኝ። ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ በደንብ አድርጌ ጻፍኩ፦ «የሚሮጥ መኪና አየሩን እየገፋ ይወስዳል። ሲቆም አየሩም ይቆማል፤ ሞተሩ ግን መጨሱን አይተውም። ጣሪያው ዝግ ከሆነ…»

እዚህ ላይ ቀና አልኩ። ከራሴ በላይ የወጠርኩት ሸራ አለ። ከኋላዬ አክስቴ ትስላለች።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። አይቼው ለማላውቀው ሕዝብ ማራገቢያ ስሰቅል፣ ያሳደገችኝን ሴት ዋሻ ውስጥ አስቀምጫት ከርሜያለሁ። መሰላሉን አምጥቼ ችንካሩን መንቀል ጀመርኩ። ጫት ገዢዎቹ ፀሐይ ሲያገኛቸው በሦስት ቋንቋ ሰደቡኝ። አክስቴ ሮጣ ወጣች።

«አቦ ምን ሆንክ! ጤነኛ ነህ? ተወው!»

«ጭሱን የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ አክስቴ። ሸራው ነው ያሳመመሽ።»

መሰላሉን በአንድ እጇ ደገፈችልኝ። ከዚያ «አውቃለሁ» አለች። «የወጠርከው ዕለት ነው የጀመረኝ። ከሰዓት ከሰዓት ይብስብኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ሱቅሽን ልትዘጊ ነበር እኮ!»

«ወላሂ፣ ምን ብዬ? ንፋስ የሚሠራ ልጅ አለኝ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬ!»

ከመሰላሉ ወርጄ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። እፍረቱ አንገቴን አስደፋኝ። ፀሐይዋ እንደ ድሮዋ ደጃፉ ላይ ወረደች። አክስቴ እየሳለች ገባችና የሰሌን ማራገቢያዋን ይዛ ተመለሰች፤ አጠገቤ ቆማ ታራግብልኝ ጀመር።