የዝናቡ አምላክ ሕዝብ

ሰብሪያ በስደት አገር በምትሠራበት የሪንከቢ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ሐበሻ ሰውዬ በየቀኑ መስኮቱ ሥር ይቀመጥ ነበር። ካፖርቱን አያወልቅም፤ እርሳሱን የሚቀርጸው በቢላዋ ነው። ወጣቶች ዳይስ እየጣሉ ተዋጊና ጠንቋይ ለሚሆኑበት የምናብ ጨዋታ፣ ካርታ እየሣለ ጎሳዎችን ከነአማልክታቸውና ከነጦርነታቸው ይፈጥራል።

አንድ ቀን ካርታው ላይ በጥቁር የተቀባ ሸለቆ አየች።

“ጋሼ፣ እዚህ ያሉት ማንን ያመልካሉ?”

“የዝናብ አምላክ ነበራቸው። ከፀሐይ አምላክ ጋር ሲዋጋ ሞተ።”

“ታዲያ ሌላ ይፍጠሩላቸዋ!”

“ሦስት ጊዜ ፈጠርኩ፣ ልጄ። የሚለምነው ሰው ግን አልተረፈም።”

ከካርታው ሥር የሟቾቹን ዝርዝር ጽፎ ነበር። ሰብሪያ ጎንበስ ብላ አነበበችው፦ እንድሪስ፣ ዘሃራ፣ ትንሿ ሚስኪ። የምናብ ስም አልነበረበትም፤ ሁሉም የአገሯ የወሎ ሰዎች ስም ነበር።