ለሰይድ ያልሰጠሁት መልስ

ይህ የሆነው ጣሊያን አገራችን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በጥር ወር ነው። እኔ ያኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሞላኝ ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የሠርጌ ዕለት ምን እንደለበስሁ እንኳ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ይህን ግን ልርሳው ብል አልረሳ አለኝ።

ሰሞኑን ደግሞ የልጅ ልጄ ቀሰቀሰችብኝ። እሷ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተርነት ትማራለች። ትምህርቷን እስክትጨርስ እዚያው ታናናሾቿን ታስተምራለች፤ የፈተና ወረቀታቸውን እያረመች ማርክ ትሰጣለች፤ ለዚህም ይከፍሏታል። እኔ እግሬ አያርፍም፣ ከአንዱ ልጄ ቤት ወደ አንዱ ስዞር ነው የምኖረው፤ ፋሲሎ ሰፈር ያለው ቤቷ ሄጄ አጠገቧ ተቀምጬ ሳይ በአንድ እጇ ታርማለች፣ በሌላው እጇ ስልኳን ትነካካለች።

"ልጄ፣ ስልኩን አስቀምጪው" አልኋት።

"ኧረ እምዬ፣ ሁለቱንም እችላለሁ!"

"እሱም እችላለሁ ብሎ ነበር።"

"ማን?" አለች። ነገሩን ከአባቴ በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእሷ ነገርኋት። "ጻፊው እንጂ እምዬ" ብላ ደብተር ሰጠችኝ። ይኸው ጻፍሁት።

ባሕር ዳር ያኔ ከተማ የምትባል አልነበረችም። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዙሪያውን ጎጆ፣ ከዚያ ሐይቁ፤ ይኸው ነበር። ጣሊያን ሲመጣ ሰፈሩን ከውኃው ዳር ተከለ። የየኔታ ተማሪ ቤት ወደ ውኃ በምንወርድበት መንገድ ላይ ነው፤ ቅጥሩ ከሐይቁ ዳር በሚቆረጥ ደንገል የታጠረ። የኔታ አርጅተው ስለነበር ሕፃናቱን የሚያስተምርላቸው አንድ ትልቅ ተማሪ ነበር። አያ ጥሩነህ እንለዋለን። የላስታ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በነጠላው የሚሸፍን።

አያ ጥሩነህ የዜማ ትምህርቱን ጨርሷል። የቀረው ወደ ጋይንት ሄዶ ማስመስከር ብቻ ነው። ከተመሰከረለት መምህር ይባላል፣ ወንበር ተክሎ ያስተምራል። ነገር ግን የዜማ መጽሐፉን በገዛ እጁ ጽፎ ይዞ ካልቀረበ የሚመሰክርለት የለም። ለመጽሐፉ ብራና ያስፈልጋል፤ ብራናው የሚወጣው ከቆዳ ነው። ስለዚህ ክፍያው ቆዳ ነበር። ልጅ አስተምሮ፣ በቃሉ የያዘውን ሰምቶ "አልፏል" ሲል የልጁ አባት አንድ የፍየል ቆዳ ይሰጠዋል። እሱም በእንጨት ወጥሮ በብረት ይፍቀዋል፤ ሲነጣለት ይጽፍበታል።

ቀኑ ስለማይበቃው ልጆቹን የሚሰማቸው እየፋቀ ነበር። ፊቱ ወደ ቆዳው፣ ጆሮው ወደ ልጁ። የኔታ ሲቆጡት "እጄና ጆሮዬ ተጣልተው አያውቁም፣ የኔታ" ይላቸዋል።

ሌላም ነገር ነበር። ጣሊያኖቹ ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ አይወዱም፤ ለአርበኛ ደብዳቤ ያመላልሳል ይላሉ። ስለዚህ እንግዳ ተማሪ ሁሉ የአገሬው ሰው ዋስ ሆኖት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት መያዝ አለበት። ወረቀት የሌለውን ይወስዱታል፤ የት እንደሚያደርሱት የሚያውቅ የለም። የአያ ጥሩነህ ዋስ አባቴ ነበር።

እኔ ሴት ስለሆንሁ የተማሪ ቤቱን ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁትም ኋላ፣ ልጆች ካደረስሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ግን ውኃ ስወርድ እንስራዬን አስቀምጬ ከአጥሩ ሥር ቁጭ እላለሁ። ደንገል ሲደርቅ ይሳሳል፣ በመካከሉ ያሳያል። ውስጥ ወንድሜ ዓለሙ ይማራል፤ ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል። እሱ ሲማር እኔ ውጭ እሰማለሁ። እሱ ሲረሳ እኔ አልረሳም። ግእዙ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ብቻ አንዱን ስል ሌላው ተከትሎ ይመጣልኛል።

ዓለሙ የቃል ትምህርቱን ጨርሶ የሚሰማበት ቀን ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ።

"እታለም፣ እኔ መሞቴ ነው። መጨረሻው አልያዝ አለኝ።"

"ታዲያ ደጋግመህ አትቀጽልም?"

"አባባ ደግሷል እኮ! ጠላው ተጠምቋል! አንቺ ከአጥሩ ኋላ ሁነሽ በይልኝ። እኔ ጀርባዬን ለአጥሩ እሰጣለሁ።"

እሺ አልሁት። ለወንድሜ አዝኜ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ኩራት ነው። እንዲያው ለከንቱ የያዝሁት ቃል አንድ ቀን ሥራ ሲያገኝ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ አያ ጥሩነህ ከግቢው ዋርካ ሥር ቆዳውን ወጥሮ ይፍቃል። ብረቱ ክርር፣ ክርር ይላል። ዓለሙ ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ ጀመረ። ሲደናቀፍ አፌን ከደንገሉ አስጠግቼ በሹክሹክታ እልክለታለሁ፤ እሱ ተቀብሎ ጮክ ብሎ ይለዋል። አያ ጥሩነህ ራሱን ቀና አላደረገም። የፍቂያው ድምፅ የእኔን ዋጠው። ሲያልቅ እጁን ጠርጎ የዓለሙን ራስ ዳበሰና "ጎሽ! አልፈሃል" አለው። አባቴ ያን ዕለቱን ቆዳውን ላከለት።

ድግሱ የጊዮርጊስ ዕለት ነበር። የአገራችን ልማድ ነው፤ ያለፈው ልጅ በእንግዳ ፊት ቆሞ መጨረሻውን በቃሉ ይላል፣ የኔታ ይመርቁታል፣ ከዚያ ይበላል ይጠጣል። እኔ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዤ ከሴቶቹ ጋር በጓዳው በር ቆሜአለሁ።

"እስቲ በል የኔ ልጅ" አሉ የኔታ።

ዓለሙ ደህና ጀመረ። ከመሐል ሲደርስ ቆመ። ከሥሩ ጀመረ። እዚያው ቦታ ቆመ።

"ሳይጠጣ ሰከረ እንዴ?" አለ አንዱ እንግዳ። ሳቁ።

ዓለሙ ወደ እኔ አየ። እኔ ሳላውቀው ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ሳላወጣ ቀሪውን እያልሁለት ነበር። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው አያ ጥሩነህ የዓለሙን ዓይን ተከትሎ ዞረና ከንፈሬን አየ። ቶሎ ገጠምሁት። ቀድሞ ገብቶታል። ፊቱ ላይ አየሁት።

አባቴ ተነሣ። "አንተ ሰው! ለአንድ የፍየል ቆዳ ብለህ ነው በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ያዋረድኸኝ? ይህ ነው ያለፈ ልጅ?"

አያ ጥሩነህ ከተቀመጠበት ተነሥቶ እጅ ነሣ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጌታዬ። ቆዳ እየፋቅሁ ነው የሰማሁት። ልብ ብዬ አልሰማሁም።"

ይህን ሲል ወደ እኔ ዘወር አላለም። "ያቺ ናት" ብሎ ጣቱን ቢቀስር ይበቃው ነበር። እኔም "እኔ ነኝ" ብል ይበቃው ነበር። ማንቆርቆሪያውን አጥብቄ ይዤ ቆምሁ።

"ነገ ጣሊያኖቹ ሰፈር ሄጄ ዋስነቴን አነሣለሁ" አለ አባቴ።

 የዚህን ትርጉም ሁሉም ያውቀዋል።

"ተው እንጂ፤ ይህ እኮ የሕፃን ፈተና ነው" አሉ የኔታ።

"እርስዎን አከብራለሁ፣ የኔታ። ነገሩ ግን አልቋል።" ቆዳውንም ያን ዕለቱን አስመለሰ። ግማሹ ተፍቆ ነጥቷል፣ ግማሹ ጠጉሩ እንዳለ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ውኃ ልቀዳ ስወርድ አያ ጥሩነህን ከዳር አገኘሁት። ከሐይቁ ማዶ፣ ከቁንዝላ የሚመጣ ሰይድ የሚባል እስላም ዐሣ አጥማጅ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዐሣ ለገበያችን ያመጣል። ያን ማለዳም ታንኳውን ለመግፋት ያሰናዳል። ጋይንት በፀሐይ መውጫ በኩል ነው፤ በዚያ በኩል ግን የአባይ መሻገሪያ ላይ ኬላ አለ። ስለዚህ አያ ጥሩነህ ጀርባውን ለጋይንት ሰጥቶ ወደ ቁንዝላ ሊሄድ ነው። የጻፈውን ብራና በጨርቅ ጠቅልሎ ታቅፎታል።

"አያ ጥሩነህ፣ እኔ ነኝ" አልሁት።

"አውቃለሁ።"

"ለአባባ እናገራለሁ!"

"ቆይ። መጀመሪያ ዓለሙ ካቆመበት ጀምሪልኝ።"

ጥቅሉን አሸዋው ላይ አስቀመጠ። ሁለቱንም እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። በእጁ ምንም ሳይዝ ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁት። እያለቀስሁም ቢሆን አንድ ቃል ሳልስት እስከ መጨረሻው አልሁለት።

"አለፍሽ" አለኝ።

"ኧረ በአላህ ተነሡ" አለ ሰይድ፤ "ታንኳዬ ደንገል ናት። በእንባ ከራሰች ዘጌም አታደርሰን።" አያ ጥሩነህ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ሳቀ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

"ሰይድ ቤት ነው የማርፈው። ለአባትሽ ነግረሽው ልቡ ከራራ፣ ሰይድ ቅዳሜ ሲመጣ ንገሪው። እመለሳለሁ።"

እሺ አልሁ። ሄዱ።

ያን ቀን ልናገር ብዬ ወደ ቤት ሮጥሁ። አባቴ ከጣሊያኖቹ ዘንድ ተመልሶ ፊቱ ጠቁሯል። ነገ አልሁ። በነጋታው ዓለሙ "ብትናገሪ እኔን ነው የሚገርፈኝ" ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። ነገ አልሁ። በሌላው ቀን አባቴ በሰላም ገባ፤ "አንቺስ አሳፍረሽኝ አታውቂ" ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። ከዚያ ወዲያ ጨርሶ አቃተኝ።

ቅዳሜ ሰይድ መጣ። ዐሣውን ሸጦ ሲያበቃ ከውኃ መንገዱ ላይ ጠበቀኝ።

"እህ የኔ ልጅ፣ ምን ልበለው?"

መሬት መሬት አየሁ። "ምንም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ሰይድ አልተቆጣኝም። ባዶ ቅርጫቱን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ። "እንግዲህ ይህንን አደርስለታለሁ" አለና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሰይድን በሩቁ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ዐቢይ ጾም ከተያዘ በኋላ ግን አንድ ቀን ፊት ለፊት ገጠመኝ። "ያ ሰውዬ አንድ ቅዳሜ አይደለም የጠበቀሽ፣ ሦስት ቅዳሜ ነው። ከገበያ ስመለስ ከቁንዝላ ወደብ ቆሞ አገኘዋለሁ" አለኝ። በኋላ "የሰው ቤት አጣበብሁ" ብሎ ብራናውን ይዞ በእግሩ ወጣ። በዚያው ሰሞን በዚያ መንገድ ላይ ወረቀት የሌላቸውን ተማሪዎች ሰብስበው ወሰዱ ተባለ። እሱ ይኑርበት አይኑርበት ሰይድም አላወቀም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ለአባቴ ነገርሁት። ትልቅ ልጅ ሆኜ ነበር። ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ግማሽ የተፋቀ ቆዳ ዞረ። "ያን ሳምንት ብትነግሪኝ፣ ራሴ በታንኳ ሄጄ አመጣው ነበር" አለኝ። ይህን ያህል የፈራሁት ሰው የተናገረኝ ይህን ብቻ ነው። ከዓለሙ ጋር ግን ነፍሱ እስክትወጣ ድረስ ነገሩን አንድ ቀን አንሥተነው አናውቅም።

ሰው "ይቺ አሮጊት መዞር ትወዳለች" ይለኛል። እውነት ነው፣ እወዳለሁ። ግን ዘጌም ስሄድ፣ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ልታጠብ ስወርድ፣ አንድ ጊዜም ጋይንት ድረስ ስሄድ፣ ሽማግሌ መምህር ባየሁ ቁጥር "ጥሩነህ የሚባል የላስታ ሰው ያውቃሉ?" እላለሁ። ብዙ ጥሩነህ አለ። ሲስቅ አፉን በነጠላው የሚሸፍን ግን አላገኘሁም። መጽሐፉን ይጨርስ አይጨርስ አላወቅሁም።

የልጅ ልጄ ይህን ስትሰማ ስልኳን ወደ ሌላ ክፍል ወስዳ አስቀመጠችው። ያረመቻቸውን ወረቀቶች ሁሉ መልሳ አወጣችና ከመጀመሪያው ጀመረች። እኔም እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

በአጥሩ ኋላ የያዝሁትን ቃል ዛሬም አንድ ሳልስት እወጣዋለሁ። ለሰይድ መናገር የነበረብኝንም ይዤዋለሁ፤ ስንት ዓመት ሙሉ መንገድ ስሄድ ለብቻዬ እለዋለሁ። "ለአባባ ነግሬዋለሁ፤ ይመለስ በለው።" ይኸው ነው። ከዚህ አይረዝምም ነበር።