የአሮጊቷ ሊብሬ

እናቴ በሠላሳ ዓመት ትዳሯ አንድም ቀን ጋቢና ተቀምጣ አታውቅም። ላንድሮቨሯ የራሳችን፣ ሾፌሩ ባሏ፣ ጋቢናው ግን የሕዝብ ነበር። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከያዮ መቱ ቡና ሲያመላልስ የኖረ ነጋዴ ነው። "ጋቢና የእንግዳ ነው" ይላል። ምጥ የያዛት፣ እግሩ የተሰበረ፣ ቄስ፣ ሼህ፣ ብቻ መንገድ ዳር እጁን ያነሳ ሁሉ ከእሱ ጎን ይቀመጣል። እናቴ ከኋላ፣ ከቡናው ጆንያና ከማሩ ጋር ትታጨቃለች። አንድ ጊዜ ጋቢናው ባዶ ሆኖ እንኳ "ሁሩሙ ላይ ሰው አናጣም" ብሎ ከኋላ አስቀመጣት። እኔ ብሆን የዚያኑ ዕለት ፈትቼው ነበር።

እሱ ሲሞት መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ አቮካዶው ሥር ቆመች። አሮጊቷ እንላታለን። ዶሮዎቹ ወዲያው ቤታቸው አደረጓት። አንድ ቀን እናቴ ጉልበቷን እያሻሸች "ጨርሶ ሳይከዳኝ ያዮ ወንድሜ ዘንድ ውሰጂኝ" አለችኝ።

"ነገ በሚኒባስ እንሄዳለን" አልኳት።

"በሚኒባስማ ማን አጣ። በአሮጊቷ ነው የምልሽ። ጋቢና ተቀምጬ።"

እናቴ ነገር ለምና አታውቅም። እሺ አልኩ። መካኒኩ ሁለት ሳምንት ታግሎ አሮጊቷን አስነሳት። ልሞክራት ከግቢ እንደወጣሁ፣ ገና መታጠፊያው ላይ፣ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካውን ነፋ። "ሊብሬ?" አለኝ። ሊብሬ! መኪናዋ የማን እንደሆነች የሚናገረው ደብተር ለካ ከነጭራሹ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። "ያለ ሊብሬ ከግቢ ንቅንቅ እንዳትል" ብሎ መለሰኝ።

የአባቴን ሳጥን ገለበጥኩት። የጎማ ደረሰኝ አለ። የተቃጠለ አምፖል ከነካርቶኑ አለ። ጠፋ ብዬ የማልኩበት የሦስተኛ ክፍል ካርዴ፣ ቀይ በቀይ እንደሆነ፣ ተጣጥፎ አለ። ሊብሬ የለም።

መኪና የሚመዘገብበት ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሠራተኛ ትሑት ወጣት ነው፤ ያናደደኝም ትሕትናው ነው። "ምትክ ይወጣል እትዬ" አለ፣ "የፖሊስ የመጥፋት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ የመኪና ምርመራ ብቻ ያምጡ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።" ብቻ አለኝ እኮ!

ፖሊሱ "ሊብሬው የት ነው የጠፋው?" ሲል ጠየቀኝ። "የት እንደሆነ ባውቅ ጠፋ እላለሁ?" አልኩት። ጭቅጭቃችን አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጀ። ፍርድ ቤቱ ሦስት ምስክር አምጪ ሲለኝ አሥራ አንድ ሰው ተከትሎኝ መጣ፤ ሁሉም አንድ ጊዜ ጋቢና የተቀመጡ ናቸው። አንዱ "ያቺ አረንጓዴ መኪና" ብሎ ሲጀምር ሌላው "ማሎ፣ ምን ነካህ፣ ሰማያዊ ናት፤ ጋቢና የተቀመጥኩት እኔ አይደለሁ?" ብሎ ተነሳ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው "የምትመሰክሩት ስለ ልጅቷ ነው ስለ መኪናዋ?" አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሁለት ወር አለፈ። የመኪና መርማሪው ግቢያችን መጥቶ የሞተር ቁጥር ሊያነብ ኮፈኑን ሲከፍት አንዲት ዶሮ ፊቱ ላይ ተነሳች። አራት ዕንቁላል ጥላለች። እናቴ ጓዳ ገብታ ዕንቁላሎቹን ጠብሳ አበላችውና ቁጥሩን በጥሩ ስሜት ጻፈ።

ወረቀቴን ሁሉ አሟልቼ ስሄድ ትሑቱ ልጅ የአሮጊቷን ፋይል ከመጋዘን አስፈልጎ አወጣ። አቧራውን አራግፎ አነበበ። እንደገና አነበበ። "እትዬ፣ ይህች መኪና ታግዳለች" አለኝ።

"አሮጊት ናት እንጂ ምን አድርጋ ትታገዳለች?"

ደብዳቤውን አሳየኝ። ከያዮ ወዲያ ካለች፣ ስሟን ከማልጠራት ትንሽ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ነው የተጻፈው። በድብደባ ለተጠረጠረ ሰው ሊብሬዋ በዋስትና ስለተያዘ መኪናዋ እንዳትሸጥ፣ እንዳትለወጥ ይላል። ሊብሬው አልጠፋም ማለት ነው። የተጠርጣሪውን ስም አነበብኩ። የእናቴ ወንድም ነው።

ለእናቴ ሳልነግር በማግስቱ በሚኒባስ ያዮ ሄድኩ። አጎቴ ደብዳቤውን ሲያይ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። ነገሩ የሃያ ዓመት ነው፤ ጎረቤቱ የአጎቴ ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቀለ፣ ዱላ ተማዘዙ፣ አጎቴ ታሰረ። አባቴ መጥቶ ሊብሬውን አስይዞ አስፈታው፤ ጋቢናም አስቀምጦ ቤቱ አደረሰው። ከዚያ ሽማግሌ ገባ፣ በግ ታረደ፣ ተቃቀፉ። እርቅ ደም ያደርቅ። እርቁ በራሱ እግር ጣቢያ ሄዶ መዝገቡን የሚዘጋ መስሏቸው፣ አንድም ሰው ሊብሬውን ብሎ የተመለሰ የለም።

"አባዬስ ለምን አልጠየቀም?" አልኩ።

"ሊብሬውን ለመቀበል እኔን ይዞ ጣቢያ መሄድ ሊኖርበት ነዋ፤ ያኔ ወሬው ይወጣል። 'እህትህ ከሰማች በሃፍረት ትሞታለች፣ ትንፍሽ እንዳትል' ብሎ አስምሎኛል።"

"ታዲያ ሃያ ዓመት ያለ ሊብሬ ነዳ?"

"ማን ይጠይቀዋል? የስንቱን ትራፊክ እናት ሆስፒታል ያደረሰ ሰው።"

አብረን ጣቢያው ሄድን። ያስታረቋቸው ሽማግሌም በሕይወት ስለነበሩ መጥተው መሰከሩ። ፖሊሱ ከካዝናው ሥር አንድ ፖስታ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። አፈር ወጣ። ምስጥ በልቶት ከሊብሬው የቀረው ሽፋኑና የታርጋ ቁጥሩ ያለበት ጥግ ብቻ ነው። እገዳው ተነስቷል የሚል ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ ደብዳቤውንና ያንን ቁራጭ ይዤ ትሑቱ ልጅ ፊት ቀረብኩ። ምትኩ በሳምንቱ ወጣ። ለካ ዕንቁላሉ እውነትም እግር ነበረው።

መንገድ የወጣን ዕለት እናቴ የኢድ ልብሷን ለበሰች። ጋቢናው በር ሥር በርጩማ አድርጌ ደግፌ አወጣኋት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊት ለፊቷን እያየች፣ የመቱን ሕዝብ በራስ ንቅናቄ ሰላም ማለት ጀመረች። አጎቴ አደራ ስላለኝ ስለ ጣቢያው ላልናገር ቆርጫለሁ። ሁሩሙን እንዳለፍን "ሊብሬው ተገኘ እንዴ?" አለችኝ።

"ምትክ ነው። የድሮው ጠፍቷል።"

"ከዚያ ጣቢያ ጠፋ?"

መሪው ከእጄ ሊወጣ ምንም አልቀረው። "ማን ነገረሽ?"

"ወንድሜ ምን ምሥጢር ያውቃል። በተፈታ በሳምንቱ ነገረኝ።"

"ታዲያ ማወቅሽን ለአባዬ ለምን አልነገርሽውም?"

"እኔ እንዳላፍር ብሎ ደበቀኝ። ማወቄን ቢያውቅ እሱ ያፍር ነበር። ሁለት ወር ስትከራተቺም ያልነገርኩሽ፣ ከሞተም በኋላ ምሥጢሩን ልጠብቅለት ብዬ ነው።" ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ፣ "ኋላ ተቀምጬ ማጅራቱን ሳይ፣ ይህ ሰውዬ ለወንድሜ ሲል ያለ ወረቀት ነው የሚነዳው እላለሁ በሆዴ። ቂም ከየት ይምጣ? ጋቢናው ግን ያምረኝ ነበር" አለች።

እየነዳሁ አለቀስኩ። አባቴን ያን ቀን የወደድኩትን ያህል ወድጄው አላውቅም፤ እሷንም እንደዚያው።

ያዮ መግቢያ ላይ አጎቴ ፍየል በገመድ ይዞ፣ እጁን አንስቶ ቆሟል። ስቆም እንደለመደው በጋቢናው በኩል ዞሮ በሩን ከፈተው። እህቱ ቦርሳዋን እንደያዘች ቁልቁል አየችው።

"ከኋላ" አለችው። "ጋቢናው ሰው አለበት።"

ፍየሉን አስቀደመና ከኋላ ወጣ።